የአከርካሪ ዲስክን ላብ ውስጥ በህይወት እያቆዩ መጫን፦ ባዮሪአክተሩን ከየት እንጀምር

ብዙ ሰው የዲስክ ባዮሪአክተር፣ ማለትም ከአከርካሪ አጥንቶች መሀል የወጣን ዲስክ በህይወት እያቆየ የሚጭን ማሽን፣ ልስራ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው ሞተሩን ነው። ስንት ኒውተን ይገፋል፣ በስንት ኸርዝ ይሄዳል፣ ኮዱ በምን ይጻፋል ይላል። እኔ ግን ከሌላኛው ጫፍ ጀምሩ ነው የምለው፣ ዲስኩ ምግቡን በየት በኩል ያገኛል የሚለው መጀመሪያ ይመለስ፣ የሚጫነው ማሽን ከዛ በኋላ ይደርሳል። ዲስክ በሰውነት ውስጥ የደም ስር ከሌላቸው ቲሹዎች ትልቁ ነው፣ በአዋቂ ሰው ወገብ ላይ መሀል ያሉት ሴሎች ከሚቀርባቸው የደም ስር እስከ 8 ሚሊሜትር ድረስ ሊርቁ ይችላሉ፣ ግሉኮስና ኦክስጅን የሚገባላቸውም ላክቲክ አሲድ የሚወጣላቸውም በአብዛኛው ከላይና ከታች ዲስኩን ከአጥንቱ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን ሽፋን፣ ኢንድፕሌት በሚባለው በኩል ሰርጎ ነው። ስለዚህ ኢንድፕሌቱን የደፈነ ማሽን የፈለገውን ያህል አስተካክሎ ቢጫን ዲስኩን ቀስ እያለ እየገደለው ነው፣ እናንተ ደግሞ ሞቱ ከጭነቱ የመጣ መስሏችሁ ውጤት ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። በዚህ ስራ ላይ ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ስለሆነ ጽሁፉ ውስጥ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ለምን እንጭነዋለን፣ ዝም ብሎ ሚዲየም (ሴል የሚመገብበት ፈሳሽ) ውስጥ አይቀመጥም ወይ የሚል ካለ፣ አይቀመጥም። የዲስኩ መሀል፣ ኒውክለስ ፐልፖሰስ የሚባለው፣ አግሪካን በሚባል ፕሮቲዮግላይካን (ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን) የተሞላ ነው፣ እሱ ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ውሃ ይስባል። ሰውነት ውስጥ የሰውነት ክብደትና ጡንቻ ከላይ ስለሚጫኑት ውሃው በልክ ይያዛል፣ ቆርጣችሁ አውጥታችሁ ሚዲየም ውስጥ ስትጥሉት ግን የሚይዘው የለም፣ ያብጣል፣ ዙሪያው ያለው አኑለስ የሚባለው የፋይበር ቀለበት ይላላል፣ ፕሮቲዮግላይካኑ እየሟሟ ወደ ሚዲየሙ ይወጣል፣ ሴሎቹ የሚኖሩበት አካባቢ በሙሉ ይቀየራል ማለት ነው። በዛ ላይ ሴሎቹ ራሳቸው ጭነትን ይሰማሉ፣ የትኛውን ጂን ማንበብ እንዳለባቸው በከፊል የሚወስኑት በሱ ነው። ሰው ቀን ቆሞ ተቀምጦ ይውላል ማታ ይተኛል፣ ቀን ዲስኩ ውሃ ያጣል ማታ መልሶ ይጠጣል፣ ማታ ላይ ቁመታችን ከጠዋቱ 1 ፐርሰንት አካባቢ የሚያንሰውም በዚህ ነው። ማሽኑ ማስመሰል ያለበት ይሄን ዑደት ነው።

የማን ዲስክ?

የሰው ዲስክ ከለጋሽ ማግኘት የሚችል ያግኝ፣ የስነምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የቤተሰብ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚመጣው ያረጀና ቀድሞ የተጎዳ ነው። ለጀማሪ የምመክረው የከብት ጭራ ነው። ከቄራ ይገኛል፣ ለሙከራ ተብሎ የሚታረድ እንስሳ የለም፣ ከአንድ ጭራ ከስሩ በኩል ሶስት አራት ደህና ዲስክ ይወጣል፣ ዲያሜትሩም 20 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ምግብ ሰርጎ መሀል እስኪደርስ የሚፈጀው መንገድ ለሰው ዲስክ የሚቀርብ ነው፣ የአይጥ ዲስክ ላይ ይሄ ችግር ጭራሽ ስለማይታይ ያታልላል። ጭራ ክብደት አይሸከምም እኮ የሚል አለ፣ እውነት ነው፣ ግን ጡንቻና ጅማቱ ወጥረው ስለያዙት ውስጡ ያለው የእረፍት ግፊት ሰው ሲተኛ ወገቡ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ሴሎቹ ናቸው፣ አሳማ፣ አይጥና ጥንቸል ኖቶኮርዳል የሚባሉትን የጽንስ ጊዜ ሴሎች ካደጉም በኋላ ይዘው ይቆያሉ፣ ከብት ግን እንደ አዋቂ ሰው እነሱን ያጣቸዋል። የፍየል ወገብ ዲስክም ጥሩ ነው፣ አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች የቀንና የማታ ጭነት እየሰጡ ለሶስት ሳምንት በደንብ አቆይተውታል።

አወጣጡ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ

ጭራው ከእርድ በኋላ በጥቂት ሰአት ውስጥ ላብ ይድረስ፣ በቀዝቃዛ እቃ ውስጥ፣ እንዳይደርቅ ተጠቅልሎ። ቆዳው ተገፎ ከመጣ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በደንብ ታጥቦ ጡንቻና ጅማቱ በቢላ ይነሳል፣ ከዛ በተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚህ በኋላ ያለው ስራ በሙሉ በንጹህ ሁድ (የተጣራ አየር በሚነፍስበት የስራ ሳጥን) ስር፣ በስቴራይል መሳሪያና በየመሀሉ በሚቀየር ጓንት ነው። ዲስኩ የት እንዳለ ለማወቅ ጭራውን ጎንበስ ቀና አድርጉት፣ የሚታጠፍበት ቦታ እሱ ነው።

አሁን ዋናው ውሳኔ ይመጣል፣ ኢንድፕሌቱን ምን እናድርገው። ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለቱንም ኢንድፕሌት አንስቶ ዲስኩን ብቻ ማስቀረት ነው፣ ምግብ በደንብ ይገባል ግን የሚይዘው ስለሌለ እብጠቱን መቆጣጠር አይቻልም፣ ለጭነት ስራ አይሆንም። ሁለተኛው አጥንቱን በሙሉ በትንሽ ፈጣን ድሪል ፈቅፍቆ የካርቲሌጅ (የለስላሳ አጥንት) ኢንድፕሌቱን ብቻ ማስቀረት ነው፣ ሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉት በሰውም በከብትም ዲስክ ላይ የሚሄዱበት መንገድ ይሄ ነው፣ ምግብ ማስገባቱ ቀላል ይሆናል፣ እጅ ግን ይፈልጋል፣ ትንሽ ጠለቅ ካላችሁ ካርቲሌጁን ትበሱታላችሁ። ሶስተኛው ቀጭን የአጥንት ሽፋን ካርቲሌጁ ላይ ማስቀረት ነው፣ በሜካኒክሱ በኩል ይሄ ከሁሉም ይሻላል ምክንያቱም ጭነቱ ልክ እንደ ተፈጥሮው በአጥንት በኩል ተከፋፍሎ ይገባል፣ ችግሩ ግን አጥንቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በረጋ ደምና በመጋዝ ዱቄት ይደፈናሉ። በ2006 በበግ ጭራ ዲስክ ላይ የወጣ አንድ ስራ ይሄን ለመፍታት በጎቹን ከመታረዳቸው በፊት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ሰጥቶ ከዛ ኢንድፕሌቱን በግፊት በሚረጭ ውሃ አጥቦታል። ከቄራ ለሚያመጣ ሰው ሄፓሪኑ አይቻልም፣ እጥበቱ ግን የግድ ነው፣ ለቀዶ ጥገና አጥንት የሚያጥቡበት ጄት ላቫጅ የሚባለው መሳሪያ ካለ በሱ፣ ከሌለ በትልቅ ሲሪንጅና በቀጭን መርፌ ሁለቱንም ፊት በስቴራይል ሪንገር ሶሉሽን (የጨው ውሃ) ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ቀይ ነጠብጣቡ ከአጥንቱ ቀዳዳዎች እስኪጠፋ። ሶዲየም ሲትሬት ያለበት ማጠቢያ ደሙ እንዳይረጋ ያግዛል።

አጥንቱን ስትቆርጡ በባንድ ሶው ከሆነ ቀዝቃዛ ሪንገር እያንጠባጠባችሁ ቁረጡ፣ ምላጩ ሲግል ከስሩ ያለው ሴል ይሞታል። ሁለቱ የተቆረጡ ፊቶች ደግሞ ፓራለል ይሁኑ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አንዱ ጎን ከፍ ካለ ጭነቱ በሙሉ እዛ ጎን ላይ ይቆለላል፣ ንጹህ ኮምፕረሽን ሰጠሁ ስትሉ መታጠፍ እየሰጣችሁ ነው። ዲስኩን የሚይዝ ቀላል መቁረጫ ማስያዣ አሰሩ፣ ያወጣችሁበትን ዋጋ ይመልሳል። በመጨረሻ ከፍ ባለ መጠን ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ያለበት ፒቢኤስ (ፒኤች የሚጠብቅ የጨው ውሃ) ውስጥ ሁለቴ ለቅልቃችሁ ቁመቱንና ዲያሜትሩን በካሊፐር ለኩ፣ ዲያሜትሩን በሁለት አቅጣጫ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ፍጹም ክብ አይደለም።

ወደ ማሽኑ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ አድርጉ። አንድ ዲስክ መስዋእት አድርጋችሁ ትንሽ ሞለኪውል የሆነ ቀለም፣ ሶዲየም ፍሎረሲን ለምሳሌ፣ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ አኑሩትና በማግስቱ መሀል ለመሀል ሰንጥቁት። ከጎን ብቻ ገብቶ ከላይና ከታች ካልገባ ኢንድፕሌታችሁ ዝግ ነው፣ እጥበቱ ወይ አቆራረጡ ይስተካከል፣ ከዛ በፊት ምንም ሙከራ አትጀምሩ። ይሄን ሳያደርግ ወራት የሚያቃጥል ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

ቻምበሩ

ቻምበር ማለት ዲስኩ የሚቀመጥባት ትንሽ ክፍል ናት፣ ስቴራይል መሆን የምትችል፣ ሚዲየም የማትመርዝ፣ ጭነት የማያጣምማት። ለሚጫነው ክፍል 316 ኤል ስቴንለስ ስቲል ወይም ታይታኒየም፣ ለግድግዳው ፖሊሰልፎን ወይም ፒክ የሚባሉት ጠንካራ ፕላስቲኮች ጥሩ ናቸው። ፖሊካርቦኔት ውስጡን ስለሚያሳይ ደስ ይላል፣ በ121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል እቃ) ይገባል ግን ሲደጋገም ይሰነጠቃል፣ አክሪሊክ ጭራሽ አይገባም፣ ይቀልጣል ይጣመማል። ናስ፣ መዳብና ጋልቫናይዝድ ነገር ከሚዲየም ጋር በምንም አይነት አይነካኩ፣ የሚሟሟው አዮን ሴል ይገድላል።

ዲስኩን ከላይና ከታች የሚነኩት ሰሌዳዎች ቀዳዳ ያላቸው መሆን አለባቸው። ይሄ ለኔ የቻምበሩ ልብ ነው። ድፍን ብረት በኢንድፕሌቱ ላይ ስታስቀምጡ ያን ያህል ለፍታችሁ የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው። ሲንተርድ የሆነ (ዱቄቱ በሙቀት ተጣብቆ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው) ስቴንለስ ወይም ታይታኒየም ሰሌዳ፣ ከኋላው ሚዲየም የሚሄድባቸው ቦዮች ያሉት፣ ከተቻለ ደግሞ በፔሪስታልቲክ ፓምፕ ሚዲየሙ በነዛ ቦዮች ውስጥ እየዞረ እንዲሄድ። ሰሌዳው ከዲስኩ ትንሽ ሰፋ ይበል። ቀዳዳዎቹ ከሙከራ ሙከራ በፕሮቲን ይደፈናሉ፣ ስለዚህ በየመሀሉ በአልትራሶኒክ ማጠቢያ ይግቡ፣ ውሃ በቀላሉ እንደሚያልፍባቸውም ቼክ አድርጉ።

የሚጫነው ዘንግ ወደ ቻምበሩ የሚገባበት ቦታ ባክቴሪያ የሚገባበትም ቦታ ነው። ኦ-ሪንግ (የጎማ ቀለበት) አድርጎ ዘንጉን በመሀሉ ማንሸራተት ቀላሉ ነው፣ ግን ሁለት ጣጣ አለው፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ውጪ ያለውን ቆሻሻ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ፍሪክሽኑ ደግሞ ከጭነታችሁ ላይ ይበላል። እኔ የምመርጠው የሲሊኮን ሜምብሬን ነው፣ ዘንጉ ሜምብሬኑን ይገፋል እንጂ አያልፍበትም። ሜምብሬኑ ራሱ ትንሽ ሀይል ይይዛል፣ እሱን ያለ ዲስክ ለክታችሁ ትቀንሱታላችሁ፣ በቃ። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ላይ 0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር ይግባ።

ሀይሉን ማስላት

ግፊት ማለት ሀይል በስፋት ሲካፈል ነው፣ 1 ሜጋፓስካል ደግሞ 1 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ነው። 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ዲስክ ስፋቱ 314 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 0.2 ሜጋፓስካል ለመስጠት 63 ኒውተን አካባቢ ትገፋላችሁ፣ 0.02 ለመስጠት ደግሞ 6.3 ኒውተን ብቻ። ክብ ካልሆነ ረጅሙን ዲያሜትር በአጭሩ አባዝታችሁ በ0.785 ማባዛት ነው። ለእያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው አስሉ፣ የአንድ ጭራ ዲስኮች እንኳን እኩል አይደሉም፣ ለሁሉም አንድ አይነት ኒውተን ከሰጣችሁ ትንሹ ዲስክ ከፍተኛ ጭነት ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደባልቀው ነገር አለ። በ1999 ዊልከና ባልደረቦቹ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ወገብ ዲስክ ውስጥ የግፊት ሴንሰር አስገብተው ሲለኩ ሲተኛ 0.1፣ ሲቆም 0.5፣ ጀርባውን አጉብጦ 20 ኪሎ ሲያነሳ 2.3 ሜጋፓስካል አግኝተዋል። ይሄ ግን ኒውክለሱ ውስጥ ያለ ግፊት ነው፣ ከውጪ የምትሰጡት አይደለም። የዲስክን ግፊት ቀድሞ ከለካው ተመራማሪ ከናኬምሰን ዘመን ጀምሮ እንደሚታወቀው ደህና ዲስክ ውስጥ የኒውክለሱ ግፊት ከውጪ ከሚሰጠው ጭነት በስፋት ሲካፈል ከሚገኘው በአንድ ተኩል እጥፍ አካባቢ ይበልጣል። ስለዚህ የቆመ ሰውን ማስመሰል የፈለገ ከውጪ 0.5 ሳይሆን 0.33 አካባቢ ነው የሚሰጠው። ስትጽፉም የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ፣ አለዚያ የናንተን ቁጥር ከሌላ ላብ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም።

የሚገፋው ነገር

ሶስት አማራጭ አለ እንበል። የአየር ሲሊንደር ርካሽና ገራም ነው፣ 25 ሚሊሜትር ቦር (የውስጥ ዲያሜትር) ያለው ሲሊንደር በ2 ባር አየር ወደ 98 ኒውተን ይሰጣል፣ አየሩ ራሱ እንደ ስፕሪንግ ስለሚሆን ዲስኩ ሲያጥር ተከትሎ ይወርዳል፣ ሀይሉ አይጠፋም። መጥፎ ጎኑ የሲሊንደሩ ማሸጊያ ይዞ ለቀቅ ስለሚያደርግ ዝቅተኛ ጭነት ላይ ይንገጫገጫል፣ ዝቅተኛ ፍሪክሽን ያለው ሲሊንደር ፈልጉ። ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር) በቦል ስክሩ (ዙረትን ወደ ቀጥታ ግፊት በሚቀይር ብሎን) በጣም ትክክለኛ ቦታ ይሰጣል ግን ጠጣር ስለሆነ ያለ ጥሩ የሀይል ቁጥጥር አደገኛ ነው፣ ጥቂት ማይክሮሜትር ስህተት ብዙ ኒውተን ይሆናል። ቮይስ ኮይል (እንደ ስፒከር በማግኔትና በጥቅል ሽቦ የሚገፋ) ለስላሳና ፈጣን ነው፣ 5 ኸርዝ አይከብደውም፣ ግን ይሞቃል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ለመጀመሪያ ማሽን እስከ 1 ኸርዝ ድረስ ከሆነ የምትሰሩት አየር በቂ ነው ባይ ነኝ።

የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ መቆጣጠር ያለባችሁ ግን ሀይሉን ነው እንጂ ቦታውን አይደለም። ዲስክ ቪስኮኤላስቲክ ነው፣ ጨምቃችሁ ቦታውን ከቆለፋችሁት በደቂቃዎች ውስጥ ውሃው እየወጣ ሀይሉ ይወርዳል፣ ሁለት ሰአት ጫንኩ ትላላችሁ እውነተኛው ጭነት ግን መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር። የሀይል ቁጥጥር ውስጥ ከሆነ ሀይሉ እንዳለ ሆኖ ቁመቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ያን ቁመት መመዝገብ ደግሞ ራሱን የቻለ ውጤት ነው።

ሎድ ሴሉ፣ ሀይሉን የሚለካው ሴንሰር፣ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ከዲስኩ ስር፣ ፍሪክሽን ካለበት ቦታ በታች። ከላይ ሞተሩ ጋ ካስቀመጣችሁት የሚለካው ዲስኩ የሚያገኘውን ሳይሆን ሞተሩ የሚያወጣውን ነው። ሬንጁንም አታብዙት፣ 500 ኒውተን የሚለካ ሎድ ሴል 1 ፐርሰንት ስህተት ካለው ስህተቱ 5 ኒውተን ነው፣ ይሄ ደግሞ ከላይ ካሰላነው ዝቅተኛ ጭነት ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማጉያውም ላይ ተጠንቀቁ፣ ርካሹ ኤችኤክስ 711 ቺፕ በሰከንድ 10 ወይም 80 ጊዜ ነው የሚያነበው፣ በ10 ከተዋችሁት በ5 ኸርዝ አንድ ዑደት ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ ታገኛላችሁ፣ ጫፉን አታዩትም። በ80 ላይ 16 ነጥብ ይሆናል፣ ለማየት ይበቃል፣ በዛ ፍጥነት ለመቆጣጠር ግን የተሻለ አምፕሊፋየር ግዙ።

ኢንኩቤተር ውስጥ ያለው እርጥበት ኤሌክትሮኒክስ ይበላል፣ ሞተርም ኢንኩቤተሩን ያሞቃል፣ ስለዚህ የሚቻለው ሁሉ ውጪ ሆኖ ዘንግና ገመድ ብቻ ይግባ። ዲስኩ ጋ ሚዲየሙ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለብቻው ለኩ፣ የኢንኩቤተሩን ስክሪን አትመኑ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ጭነቱን እንዲለቅ ሆኖ ይሰራ፣ ጨምቆ እንዲቆም አይደለም። ዲስኩ ከተወሰነ በላይ እንዳይጨመቅ ደግሞ ሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን በብሎን የሚስተካከል የብረት ማቆሚያ አድርጉ፣ እጃችሁ በዛ መሀል እያለ ኮዱ ቢሳሳትም የሚያተርፋችሁ እሱ ነው።

ያለ ዲስክ መሞከር

ሎድ ሴሉን በሚታወቁ ክብደቶች ካሊብሬት አድርጉ፣ 1 ኪሎ 9.81 ኒውተን ነው፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም። ኢንኩቤተር ውስጥ ሲሞቅ ዜሮው ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ካሊብሬሽኑ በ37 ዲግሪ ይሁን። ቀጥሎ በዲስክ ፋንታ ለስላሳ ጎማ አስቀምጣችሁ ሙሉ ፕሮቶኮሉን ለቀናት አስኬዱት፣ የሀይሉን ግራፍ አይታችሁ ጫፎቹ እየተንሸራተቱ እንደሆነ ለዩ። ከዛ ሚዲየም ብቻ ሞልታችሁ፣ አንቲባዮቲክ ሳታደርጉ፣ ማሽኑን እያንቀሳቀሳችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከደፈረሰ ወይም ቀለሙ ወደ ቢጫ ከሄደ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። አንቲባዮቲክ ደካማ ዲዛይንን ስለሚሸፍን ነው ያለሱ ፈትሹ የምለው።

ካልቸርና ፕሮቶኮል

ሚዲየሙ ዲኤምኢኤም የሚባለው የተለመደው የሴል ምግብ ነው፣ ለጤነኛ ሁኔታ ባለ 4.5 ግራም ግሉኮስ በሊትር፣ ሴረም ወይም አይቲኤስ (ኢንሱሊን፣ ትራንስፈሪንና ሴሊኒየም)፣ አስኮርቢክ አሲድ 50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ወይም የሚቆየው አይነቱ፣ ሄፔስ (ፒኤች የሚጠብቅ)፣ አንቲባዮቲክና አንቲፈንገስ። አንድ የሚረሳ ነገር ኦስሞላሪቲ (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ብዛት) ነው፣ ተራ ሚዲየም 300 ሚሊኦስሞል አካባቢ ነው፣ ዲስክ ውስጥ ግን ከ400 በላይ ይሆናል፣ በጨው ወይም በሱክሮስ ከፍ አድርጎ ኦስሞሜትር ላይ ማረጋገጥ እብጠቱን ይቀንሳል። አኑሩት በ37 ዲግሪ፣ በ5 ፐርሰንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የሚዲየሙን ግሉኮስና ላክቴት በየቀኑ ለኩ፣ ዲስኩ እየበላ እንደሆነ ሳትቆርጡት የሚነግራችሁ ሌላ ነገር የለም፣ ግሉኮሱ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ለጭነቱ ዳቮስ የሚገኘው የኤኦ ምርምር ተቋም የሚጠቀምበት ፕሮቶኮል ጥሩ መነሻ ነው፣ ከ0.02 እስከ 0.2 ሜጋፓስካል፣ በ0.2 ኸርዝ፣ በቀን 2 ሰአት፣ ከዛ ዲስኩ በነጻ ውሃ እየጠጣ ያርፋል። 0.2 ኸርዝ ማለት በየ5 ሰከንዱ አንድ ዑደት ስለሆነ በ2 ሰአት 1,440 ዑደት ይሆናል። ጉዳት ማስመሰል ሲፈልጉ ደግሞ ከ0.32 እስከ 0.5 ሜጋፓስካል በ5 ኸርዝ ይሰጣሉ፣ በዛው 2 ሰአት ውስጥ 36,000 ዑደት ማለት ነው፣ ግሉኮሱንም ወደ 2 ግራም በሊትር ይቀንሱታል። እዚህ ላይ ሁለቱን አብራችሁ ቀይራችሁ የመጣውን ሁሉ ለጭነቱ አትስጡት፣ ጭነቱን ብቻ የቀየረ ግሩፕና ግሉኮሱን ብቻ የቀየረ ግሩፕ ለብቻ ይኑር። የቀንና የማታውን ሙሉ ዑደት፣ 16 ሰአት ጭነት 8 ሰአት እረፍት፣ መስጠትም ይቻላል፣ ያኔ ግን ዲስኩ ማሽኑ ውስጥ ስለሚኖር ባለቀዳዳው ሰሌዳና ፓምፑ ካልሰሩ በቀናት ውስጥ መሀሉ ይሞታል።

የመጀመሪያውን ቀን ቀለል ባለ ጭነት ያሳልፍ፣ ከቆረጣው ይረፍ። ዘንጉ ዲስኩን ሳይነካ ሎድ ሴሉን ዜሮ አድርጉ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ወደ ዝቅተኛው ጭነት ውረዱና ሳይን ዌቩን ጀምሩ። በየቀኑ ከጭነት በፊትና በኋላ ቁመቱን መዝግቡ፣ ጤነኛ ዲስክ ሲጫን ያጥራል ሲያርፍ ወደነበረበት ይጠጋል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረ ከሄደ የሆነ ነገር እየተበላሸ ነው።

ግሩፖቹን ስትመድቡ የአንድ ጭራ ዲስኮችን በየግሩፑ በትኑ፣ አንድ ጭራ አንድ ግሩፕ አይሁን፣ እንስሳ ከእንስሳ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ቁጥራችሁም የእንስሳ ቁጥር ነው እንጂ የዲስክ አይደለም። እንደወጣ ወዲያው የሚቆረጥ ዲስክ፣ ሳይጫን ካልቸር ውስጥ የቆየ ዲስክ፣ በጤነኛ ጭነት የቆየ ዲስክ፣ ሶስቱም ከሌሉ የጎዳው ጭነቱ ይሁን ካልቸሩ ይሁን መለየት አይቻልም።

የሞተው የት ነው?

በመጨረሻው ቀን ከማናቸውም መለኪያ በፊት የምሰራው የሴል ህይወት ነው፣ ህያውና ሙት ሴል በሚለዩት ካልሴንና ኢቲዲየም ሆሞዳይመር በሚባሉ ቀለሞች በማይክሮስኮፕ፣ ወይም ኤልዲኤች ስቴይኒንግ በፍሮዝን ሴክሽን ላይ። ፐርሰንቱን አስልታችሁ አትለፉ፣ የሞቱት ሴሎች ያሉበትን ቦታ ካርታ ሳሉ፣ ምክንያቱም ቦታው ምክንያቱን ይናገራል። መሀሉ ሞቶ ዙሪያው ከኖረ ምግብ አልደረሰም፣ ወደ ኢንድፕሌቱና ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። ከኢንድፕሌቱ ስር ቀጭን መስመር ሆኖ ከሞተ የመጋዝ ሙቀት ነው ወይም ሲቆረጥ ደርቋል። አንድ ጎን ብቻ ከሞተ ፊቶቹ ፓራለል አልነበሩም ወይ ዲስኩ መሀል ላይ አልተቀመጠም። የውጪው አኑለስ ዙሪያውን ከሞተ ሚዲየሙን፣ ኦስሞላሪቲውን ወይ አዮዲኑ በደንብ አለመታጠቡን ጠርጥሩ። ሁሉም ቦታ ተበታትኖ ከሞተና ባልተጫነው ዲስክ ላይ ከሌለ ግን ያኔ ጭነቱ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ከዛ ቀሪው የተለመደው ነው፣ ኒውክለሱና አኑለሱ ተለያይተው፣ ፕሮቲዮግላይካን ዲኤምኤምቢ በሚባል ቀለም በቲሹውም በሚዲየሙም፣ ዲኤንኤ ወይም ደረቅ ክብደት ላይ ተካፍሎ፣ ሂስቶሎጂ (የቲሹ ቁራጭን በማይክሮስኮፕ ማየት) በሳፍራኒን ኦ ቀለም፣ ጂኖች ደግሞ አግሪካን፣ ኮላጅን 1 እና 2፣ ማትሪክስ (በሴሎቹ ዙሪያ ያለውን ነገር) የሚበሉት ኤንዛይሞች፣ ኤምኤምፒዎችና አዳምቲኤሶች። የጂን ስራ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር፣ የመጨረሻው ጭነት ካበቃ ስንት ሰአት በኋላ እንደሚቆረጥ አስቀድማችሁ ወስኑና ለሁሉም ዲስክ አንድ ይሁን፣ ኤምአርኤንኤው በሰአታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ጠዋት የተቆረጠና ከሰአት የተቆረጠ አይወዳደርም። ቲሹው ወዲያው ሊኩዊድ ናይትሮጅን ውስጥ ይግባ፣ ፈሳሹ የሚፈላበት ቦታ አየር ይኑረው፣ የቀረው ቁራጭ እንደ ባዮሎጂካል ቆሻሻ ኦቶክሌቭ ተደርጎ ይወገዳል፣ ሰሌዳዎቹም ደም ሳይደርቅባቸው የዛኑ ቀን ይታጠባሉ።